ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል

ሦስተኛው ጥሪ ላይ ነበር፤ ጥቅምት 2016 ዓ.ም.። የታመመች እናቷን የምታስታምም፣ በየሳምንቱ የምደውልላት ሴት፣ እናትየው ምን ያህል እንደበላች፣ ሽንቷ እንዴት እንደዋለ፣ የደም ግፊት መድኃኒቷን በስንት ሰዓት እንደዋጠች በቅደም ተከተል ነገረችኝና ዝም አለች። እኔም የሚቀጥለውን ጥያቄ በልቤ ሳዘጋጅ ትንሽ ዘገየሁ። ያኔ ረጋ ባለ ድምፅ፣ «እትዬ፣ ሪፖርቱን ጨርሻለሁ፤ ልዝጋው?» አለችኝ።

በነርስነት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ስለ ታማሚ መጠየቅ ደሜ ውስጥ የገባ ልማድ ነው። ያን ማታ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ስደውል የነበረው ለእናትየው እንደሆነ ገባኝ። ልጅቱን አንድ ቀን እንኳ «አንቺስ?» ብዬ አልጠየቅኋትም። ሥራውን ስንጀምር የተስማማነው ደግሞ ተቃራኒውን ነበር፤ የምንደውለው ለታማሚ ሳይሆን ለአስታማሚ ነው ብለን።

ይህ ጽሑፍ የዚያች አስታማሚ ጉዳይ ነው። ስሟንና ሠፈሯን አልጠቅስም፤ ማንነቷን ሊያሳውቁ የሚችሉ ጥቂት ነገሮችንም ተስማምተን ለውጠናል። ሙሉውን በስልክ አንብቤላት ሁለት ቦታ ላይ አርማኛለች፤ እርማቶቿን እንዳሉ አስገብቻቸዋለሁ።

አጫዋች

ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ የደረሰው በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ሁለተኛ አጋማሽ ነበር። የመንግሥት ጦር ሁለቱን ከተሞች መልሶ መያዙ የተነገረው ኅዳር 27 ቀን ነው። በመሀሉ ስልክ አልነበረም። ከተማ ውስጥ የቀረው ስለወጣው፣ የወጣውም ስለቀረው ሳያውቅ ከረመ። መስመሩ ሲመለስ የደወለውም የተደወለለትም የሚለው አንድ ቃል ነበር፤ «አላችሁ?»። ከዚያ በኋላ ብዙው ሰው ወደ ኑሮው ተመለሰ። እኛ ስድስት የአንድ ቅሬ ሴቶች ግን (ወሎ ውስጥ እድርን የምንጠራው ቅሬ ብለን ነው) በስልክ መጠያየቁን ሳንተወው ቀረን። መጀመሪያ የምንደውለው ለአረጋውያን ነበር። እየቆየን ስንሄድ ስልኩን የሚያነሳው አረጋዊው ሳይሆን አጠገቡ ያለው ሰው መሆኑን አስተዋልን። አብዛኛውን ጊዜ ሴት ልጅ፣ ምራት ወይም ሚስት ናት። «ቆይ ላቅርብልዎት» ብላ ስልኩን ወደ ታማሚው ጆሮ ትይዘዋለች፤ እጇ እስኪዝል። ከእሷ ጋር ማንም አይነጋገርም።

ሥራውን ምን ብለን እንጥራው በሚለው ብዙ ተከራክረናል። አማካሪዎች አይደለንም። ጠያቂ እንዳንባል፣ በእኛ ዘንድ ጠያቂ የሚጠይቀው በሽተኛን ነው። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዷ «እኛ እኮ የምናደርገው ማጫወት ነው» አለች፤ አጫዋች ተባልን። ቃሉን እወደዋለሁ። ጨዋታ ውስጥ የሚያክምም የሚታከምም የለም፤ ሁለት ሰዎች ተራ በተራ ያወራሉ፣ ይኸው ነው።

ደንባችን አጭር ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተቀጠረ ሰዓት፣ ለግማሽ ሰዓት እንደውላለን። የምንደውለው እኛ ነን፤ ሒሳቡም የእኛ ነው። ገንዘብ አንሰጥም፤ እንሰጣለን ብለንም ተስፋ አናስጨብጥም። ያልተጠየቅነውን ምክር አንለግስም። የሰማነውን አናወጣም፤ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ነው ብለን ስናምን ግን ዝም አንልም፤ ይህንንም ገና ከመጀመሪያው ቀን እንነግራታለን። አንዱ ዙር አሥራ ሁለት ሳምንት ነው፤ ካስፈለገ ይታደሳል። ቅዳሜ ጠዋት ስድስታችን ተገናኝተን፣ የማንንም ስም ሳናነሳ፣ የከበደንን እንነጋገራለን።

ምክር ያለመስጠቱ ነገር የእኛ ፈጠራ አይደለም። ቻድ ቫራ የሚባሉ የለንደን ቄስ በ1953 እ.ኤ.አ. ራሳቸውን ለማጥፋት ለሚያስቡ ሰዎች የስልክ አገልግሎት ሲከፍቱ መካሪው እርሳቸው ነበሩ። በጎ ፈቃደኞቹ ተራ የሚጠብቀውን ሰው ሻይ እያጠጡ ከማጫወት ያለፈ ሥራ አልነበራቸውም። ወራት ሳይቆይ ብዙው ሰው ከተጫወተ በኋላ ቄሱ ዘንድ መግባቱን እየተወ መሄድ ጀመረ። ቄሱም በየካቲት 1954 እ.ኤ.አ. ሥራውን ለአጫዋቾቹ አስረከቡ፤ ሳማሪታንስ የሚባለው ድርጅት የቆመው በዚህ ላይ ነው። ይህን ታሪክ ከመጀመሬ በፊት አውቀው ነበር። ማወቄ ግን እነዚያን ሦስት ሐሙሶች አላዳነልኝም።

ልጅቱና እናትየው

ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ኮምቦልቻ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ክር በሚፈተልበት ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ኮምቦልቻ ከደሴ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ በየቀኑ ወርዳ በየቀኑ ትወጣው ነበር። ጥር 2015 ዓ.ም. እናቷ ለሱብሂ ሰላት ውዱእ ልታደርግ ተነሥታ ውሃው አጠገብ ወደቀች። ስትሮክ ነበር። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ፤ ንግግሯም ጠፋ። መስማቷ ግን አልጠፋም፤ ይህን ያዙልኝ።

ልጆቹ ሦስት ናቸው። ወንድሟ አዲስ አበባ ሹፌር ነው። ታናሽ እህቷ ጅዳ በሰው ቤት ትሠራለች። ያላገባችው፣ ቤት ያለችው እሷ ስለሆነች ማን ሥራውን ይተው የሚል ጥያቄ አልተነሣም። ተቀምጦ የተመካከረም የለም። «መጀመሪያ የሳምንት ፈቃድ ወሰድኩ፤ ቀጥሎ የወር። ከዚያ መታወቂያሽን መልሺ አሉኝ» ነው የምትለው፤ ስትናገረው ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አይልም።

በእንግሊዝ አገር ሜሪ ዌብስተር የተባለች የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ወላጆቿን ለመጦር ሥራዋን የለቀቀችው በ1954 እ.ኤ.አ.፣ በሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። በ1963 ለጋዜጦች ደብዳቤ ጽፋ፣ እንደ እሷ ያሉ ያላገቡ ሴት ልጆች በየቤቱ ወላጅ ይዘው እንደቀሩ ስትናገር፣ ከየአቅጣጫው የሴቶች ደብዳቤ ጎረፈላት። በ1965 ማኅበር ተመሠረተ። ይህን ታሪክ ለተደዋይዬ አጫውቻት ነበር፤ ደስ ይላታል ብዬ። ትንሽ አሰበችና፣ «ደብዳቤውን ስትጽፍ እናቷን ማን ያዘላት?» አለችኝ። እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

ቤታቸው ዳገት ላይ ነው። ጦሳ ተራራ ሥር የተሠራ ከተማ ሜዳ የለውም፤ ባጃጅ የሚደርሰው ከበራቸው ራቅ ብሎ እታች ነው። ተሽከርካሪ ወንበር ቢገኝ እንኳ መንገዱ ድንጋይና ደረጃ ነው። የመጀመሪያው የሆስፒታል ቀጠሮ ዕለት ጎረቤቶች የቅሬውን ቃሬዛ ተሸክመው መጡ። ያ ቃሬዛ አስከሬን የሚወጣበት ነው። በሩ ላይ ቆመችና «እናቴ በቁሟ በዚህ አትወጣም» አለች። (አንደኛው እርማቷ እዚህ ነው። እኔ «እያለቀሰች» ብዬ ጽፌ ነበር። «አላለቀስኩም፤ ተቆጣሁ» አለችኝ።) አራት ወንዶች ብርድ ልብሱን በአራት ማዕዘን ይዘው አወረዷት።

ወሎ ውስጥ በሽተኛ ያለ ጠያቂ አይተኛም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ቤቱ ሰው አልጎደለበትም። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ደግሞ ቡና ይፈላል። ቆሎ ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ አቦል ተጠጥቶ ቶና፣ ቶና ተጠጥቶ በረካ ይጠበቃል። የመጣው ሰው በቅንነት ነው የመጣው፤ በዚህ ጥርጥር የለኝም። ነገር ግን እናትየው በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለባት፤ በሚፈላው ቡና መሀል አንዱ ሁለት ሰዓት ያልፋል። ጠያቂው ተመርቆና መርቆ ሲወጣ ስኒው ይቀራል። «አንዳንድ ቀን ጠያቂ ሲበዛ እናቴ ሳትገላበጥ ትውላለች፤ ማን ፊት ልግለጣት?» ብላኛለች።

ከዚያ ጠያቂው እየሳሳ ሄደ። እሱም ሌላ ጉዳት ነው። የቀረላት በመንገድ ላይ ያለው ሰላምታ ነበር። ወፍጮ ቤት፣ ሱቅ፣ ዳቦ ቤት፣ ሁሉም የሚላት አንድ ነው፤ «እናትሽ እንዴት አደረች? አላህ ያሽርልሽ።» አሜን ትላለች። ዘጠኝ ወር ሙሉ ማንም እሷን «እንዴት አደርሽ?» ብሎ መልስ እስክትሰጥ የጠበቀ የለም። እኔ የደረስኩት በዚህ ላይ ነው፤ ደርሼም ሦስት ሳምንት የሠራሁት ያንኑ ነው።

ስልክ ቡና አያስፈላም። አንዳንዶች በስልክ መጠየቅን ቀዝቃዛ አድርገው ያዩታል፤ አካል ያልተገኘበት ጥየቃ ምን ይረባል ይላሉ። ለዚህች ሴት ግን አካሌ አለመገኘቱ ራሱ ዕረፍት ነበር። ቤቱን መጥረግ የለባትም፤ ልብሷን መቀየር የለባትም፤ ፊቷን እንኳ ማስተካከል የለባትም።

ክሩ

አራተኛው ሐሙስ ስለ እናቷ አንዲት ቃል አልጠየቅኩም። «ፋብሪካ ውስጥ ሥራሽ ምን ነበር?» አልኳት።

ረጅም ዝምታ ሆነ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» ልል ስል ጀመረች። ማሽኑ ላይ እንዝርቶቹ በረድፍ ናቸው፤ ሁሉም ባንድ ላይ ይሽከረከራሉ። ክር በየደቂቃው ይበጠሳል። ጎበዝ ሠራተኛ ማሽኑን አታቆምም። የተበጠሰበትን አንዱን እንዝርት ብቻ ትይዛለች፤ ጫፉን ትፈልጋለች፤ ከላይ ከሚመጣው ጥጥ ጋር ታገናኝና ትለቀዋለች። ሌሎቹ መሽከርከራቸውን አያቆሙም። «ለመቀጠል ጉልበት አያስፈልገውም እትዬ፤ ጣት ነው። ብዙ ከያዝሽው ይወፍራል፤ ትንሽ ከያዝሽው መልሶ ይበጠሳል። እኔ ሳላይ ነው የምቀጥለው።» ከዚያ አዲስ ገቢዎችን ታስተምር እንደነበር፣ አንዷ ቀጥላ ቀጥላ አልሆንላት ሲል ማሽን ሥር ተቀምጣ እንዳለቀሰች፣ የምሳ ዕረፍት ላይ ለአምስት ሆነው አንድ ሽሮ እንዴት ይካፈሉ እንደነበር ነገረችኝ። ሳቀች። ሳቋን ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት። ሰዓቱን ሳይ ሃምሳ ደቂቃ አልፏል።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሐሙስ ማታ ቡና የምታፈላው ለራሷ ሆነ። ከኢሻ በኋላ፣ እናቷን አገላብጣ፣ ስደውል ሲኒው ሲቀዳ ይሰማኛል። «ጀባ እትዬ» ትለኛለች፤ እኔም እዚህ የራሴን እቀዳለሁ።

ያልጠበቅነው ችግር የቤቱ አንድ ክፍል መሆን ነበር። እናትየው መናገር እንጂ መስማት አልተሳናትም ብያለሁ። በእናት ጆሮ «ደከመኝ» አይባልም። ስለዚህ የልቧን ልትናገር ስትፈልግ ጋቢ ደርባ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ደጃፉ ላይ ትቀመጣለች። ደሴ ማታ ማታ ብርዷ አጥንት ይገባል፤ ጉሙም ከጦሳ ይወርዳል። የት እንዳለች በድምፅዋ መለየት ለመድኩ። ቤት ውስጥ ስትሆን ድምፅዋ ከግድግዳው ተመልሶ ይመጣል፤ ደጅ ስትሆን ቀጥ ብሎ ይመጣል፣ ከኋላው ውሻና የጎረቤት ቴሌቪዥን አለ። ቤት ውስጥ ከሆነች ስለ ገበያው፣ ስለ ሰዉ፣ ስለ ድሮ እንጫወታለን። ደጅ ከሆነች ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ለአዳዲስ አጫዋቾች ከማስተምረው ሁሉ የምሳሳለት ይህ ነው፤ ከመናገርሽ በፊት የት እንደተቀመጠች ስሚ።

ነርሷ ስትገባበት

ኅዳር ላይ፣ በጨዋታ መሀል፣ «ጭራዋ አካባቢ ቀላ ብሏል» አለችኝ። የአልጋ ቁስል ጅማሬ ነው። ነርሷ ከውስጤ ብድግ አለች። በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥን፣ ተረከዟ ፍራሽ እንዳይነካ ከባቷ ሥር ትራስ ማድረግን፣ ስትገለብጣት አንሶላ ላይ እንዳትጎትታት፣ የቀላውን ቦታ እንዳታሸው፣ ስታጎርሳት ቀና አድርጋ እንድታስቀምጣት፣ ሌሊት ሰዓት የሚሞላ ስልክ እንድታዘጋጅ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ሳልተነፍስ ነገርኳት። ከተናገርኩት ውስጥ ስሕተት የለም። ስልኩን ስዘጋ ረክቼ ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ «ቁስሉስ?» ስላት «ደህና ነው» አለች። በሚቀጥለውም «ደህና ነው»። ድምፅዋ ከግድግዳው ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ ነበር። ደጃፉ ቀርቷል። ከአንድ ወር በኋላ ነው እውነቱ የወጣው፤ ቁስሉ ሰፍቶ ነበር፤ ሌሊቱን ሁሉ መነሣት አቅቷት ነበር፤ ይህን ለእኔ መናገር ፈተና መውደቅ ሆኖባት ነበር። «እርስዎ ያሉኝን አላደረግኩም፤ ምን ብዬ ልንገርዎት?»

ቅዳሜ ጠዋት ይህን ስናገር ጓደኞቼ አልወቀሱኝም፤ አንዷ ብቻ «ሁለት ሰው መሆን አትችይም» አለችኝ። ከዚያ የወሰንነው ይህ ነው። የቁስሉ ጉዳይ ከሐሙስ ወጣ። በእሷ ፈቃድ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አገናኘናት፤ በእርሷ በኩል የጤና ጣቢያ ነርስ ቤት ድረስ እየመጣች ማየት ጀመረች። ቁስሉን የሚጠይቅ ሌላ ሰው፣ ሌላ ቀን ሆነ። ለእኔ ነርስነቴን ደጅ አስቀምጦ መግባት ቀላል አልነበረም፤ አንዳንድ ሐሙስ ምላሴን ነክሼ ነው የጨረስኩት። ቁስሉ ለመዳን እስከ የካቲት ፈጀ። እሷ ግን በሁለተኛው ሳምንት ወደ ደጃፏ ተመለሰች።

አንድ ሐሙስ ደግሞ ጭራሽ ሳልደውል ቀርቻለሁ። ጥር ላይ ኮምቦልቻ ለቅሶ ወርጄ አመሸሁ፤ ስልኬም ጠፋ። እሷ ሦስት ሰዓት ተኩል ድረስ ብርድ ላይ ተቀምጣ ጠብቃለች። በማግስቱ ስደውል አንድም ወቀሳ አልወጣትም፤ ይህ ነው ያሳመመኝ። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ተደዋይ ሁለት አጫዋች አለ፤ አንዷ ካልተመቻት ሌላዋ በዚያው ሰዓት ትደውላለች።

እህቷ

ብር የምትልከው ጅዳ ያለችው እህት ናት። ለመድኃኒቱ፣ ለዳይፐሩ፣ ለኪራዩ። ያለ እሷ ቤቱ አይቆምም ነበር። ድሮ በኢሞ ትደውልና እናቷን በቪዲዮ ታያት ነበር። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ ግን ማየቱ ቀረ። ቀጥታ መስመር ውድ ስለሆነ ጥሪው አጭር ነው፤ አጭር ጥሪ ላይ ደግሞ የሚቀረው ጥያቄ ብቻ ነው። በላች? ታጠበች? ለምን ከሳች? «ማን ነገረሽ ከሳች ብሎ?» ትላታለች ታላቋ። የላክሁት የት ገባ?

ይህ ነገር ከቁስሉ ይልቅ ይጎዳት ነበር። «ብር የምትልከው ልጅ ናት፤ የማጥበው እኔ ሠራተኛ ነኝ» አለችኝ አንድ ማታ። እኔ እህቷን የምወቅስበት አንደበት የለኝም። በሰው አገር፣ በሰው ኩሽና ውስጥ ሆና እናቷ እሷ ሳታያት እያለፈች ነው፤ ፍርሃቷ ነው ጥያቄ ሆኖ የሚወጣው። ግን ያን ማታ ይህን ብናገር ኖሮ የእህቷ ጠበቃ እሆን ነበር። «ሠራተኛ ነኝ ስትይ ምን ታይቶሽ ነው?» ብቻ አልኳት። ብዙ ነገረችኝ። የተፈታ ነገር የለም። ስልክ የማይፈታው ነገር እንዳለ አጫዋች ከመጀመሪያው ማወቅ አለባት።

መጋቢት

ረመዳን በዚያ ዓመት መጋቢት መጀመሪያ ላይ ገባ። ሰዓቱን ወደ ሦስት ሰዓት ተኩል አዛወርነው። ሌሊት ለማገላበጥ ትነሣለች፣ ለሱሁር ትነሣለች፣ ቀኑን ጾማ ትሠራለች። በሦስተኛው ሳምንት ስደውል ደጃፉ ላይ ነበረች። ቡና አላፈላችም።

«አንዳንድ ሌሊት ምነው በተገላገልን እላለሁ» አለችኝ። «ከዚያ ማን ከማን እንደሚገላገል ራሴን እጠይቅና እፈራለሁ።»

እንዲህ ያለ ቃል ሲሰማ ብዙ ሰው «እንዲህ አይባልም፤ ፈጣሪ ይቅር ይበልሽ» ይላል። በደግነት ነው፤ ግን በሩን ይዘጋዋል። ስለ ሞት በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ይህን ከሥራዬ አውቃለሁ። «እናትሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። «አላህ ያውቃል፤ አንድም ቀን።» «ራስሽንስ? መሞት ታስቢያለሽ?»

ዝም አለች። ውሻው ይጮኻል። ከዚያ «አይ እትዬ፤ ሞት አይደለም። መንገድ ነው የማስበው። ሚኒባስ ተሳፍሬ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ባቲ፣ ከዚያ ወደ የትም» አለች።

የዚያን ማታ ግማሽ ሰዓቱን አልቆጠርኩም። በፈቃዷ ለአንዷ ጓደኛዬ ነገርኩ፤ በማግስቱም ቀኑ ሳይሆን ደወልኩ። ያ ሐሳብ ወደ ሌላ ቢዞር ወዲያው ሐኪም ዘንድ እንደምንሄድ ተነጋገርን። ከዚያ የማልረሳውን ነገር ጠየቅኳት፤ «ኮምቦልቻ ብትደርሺ ምን ታደርጊ ነበር?» «ሻይ እጠጣለሁ» አለች።

ሻይ የሚያህል ነገር ነው እንግዲህ የጎደለው። ለዚያ የሚያስፈልገው ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ ሦስቱን ሰዓት የሚሰጥ ሰው ግን ከእኛ አልመጣም። እሷ ራሷ ነች ያገኘችው። ሠፈሩ ውስጥ ለኅብረት ዱአ ወዳጃ ሲቀመጥ ዱአ የሚያደርጉ፣ ቃላቸው የሚከበር አንዲት ዱበርቲ አሉ። እሳቸው ዘንድ ሄዳ ምን እንደምትል ሁለት ሐሙስ ሙሉ በስልክ ተለማመድን። የተቸገረችው መለመን እንዳይመስልባት ነው። በመጨረሻ ያለችው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «እማማ፣ እናቴን የሚጠይቅ ሰው ቡናውን ራሱ ቢያፈላልኝ።» ሴትየዋ ቀና ብለው አይተዋት «ይህን ለመናገር ዓመት ፈጀብሽ?» አሉ። በሳምንቱ ለቅሬው ሴቶች ተናገሩ፤ ዓርብ ከሰዓት ጠያቂ የሚሆን ሰው ቡናውን ይዞ ይመጣል፣ እሱው ያፈላል፣ ልጅቱ ትወጣለች።

የመጀመሪያው ዓርብ ሚኒባስ ተሳፍራ ሐረጎን ወረደች። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ጠጣች። ተመለሰች። እናቷ ተገላብጣ፣ ፀጉሯ በሴቶቹ ተጎንጉኖ ጠበቀቻት።

ሰኔ

ሰኔ 2016 ዓ.ም.፣ አንድ ሐሙስ፣ ስልኩን ያነሳው ወንድ ነበር። «እናታችን ረቡዕ ሌሊት አለፈች» አለኝ።

ከተደዋዮቻችን ጋር በአካል አንገናኝም፤ ከደንባችን አንዱ ነው። ለነጻነታቸው ብለን ነው፤ ከተማው ትንሽ ነው፣ የልብን ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀልላል። ግን ዓመት ሊሞላ ሦስት ወር ያህል ከቀረው ጨዋታ በኋላ ለቅሶ ሳይደርሱ መቅረትን እኔ አልችልበትም። ደንቡን የጻፍነው ለስልክ ነው እንጂ ለለቅሶ አይደለም። ዓርብ ሄድኩ። ዳገቱን እያረፍኩ ወጣሁ። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶች መሀል ገብቼ ተቀመጥኩ፤ የትኛዋ እንደሆነች አላወቅኩም። አጠገቤ ላለችው «አላህ ያጽናችሁ» ስል፣ ፊት ለፊቴ ሻሿን ወደ ግንባሯ ያወረደች ቀጭን ሴት ቀና አለች።

«ዛሬ ሐሙስ ነው እንዴ?» አለች።

ከቤቱ ስመለስ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ጉዳዩ ተዘግቷል» ብዬ ጻፍኩ። ሰኞ ዕለት ሰረዝኩት። ታማሚው ሲያልፍ አስታማሚው የሚያጣው ሰው ብቻ አይደለም፤ ሰዓቱን፣ ሥራውን፣ የሚነሣበትን ምክንያት ሁሉ ያጣል። ሐሙስ ስደውል «ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ እነቃለሁ» አለችኝ። «ተነሥቼ እቆማለሁ፤ ከዚያ አልጋው ባዶ ነው።» ጅዳ ያለችው እህት ደግሞ ቀብሩን አለመድረሷን እሷ ላይ አሳበበች፤ «አልነገርሽኝም» አለቻት። (ሁለተኛው እርማቷ ይህ ነው። «እህቴን ክፉ አታድርጊያት፤ በኋላ አብረን አልቅሰናል» ብላለች።) ሌላ አንድ ዙር፣ አሥራ ሁለት ሳምንት፣ ጨመርን። አብዛኛውን ስለ እንቅልፍ፣ ስለ እጆቿ ሥራ መፍታት ተጫወትን። እኔም ስለ ራሴ እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳት።

ወደ ድሮ ፋብሪካዋ አልተመለሰችም፤ ቦታዋ ተይዟል። ነሐሴ ላይ ሌላ ቦታ ለሦስት ወር በጊዜያዊነት ተቀጠረች፤ ፈረቃው የማታ ነው። ሰዓት እንቀይር ስላት «የመጨረሻዋ ሐሙስ ናት፤ በሰዓቷ ይደውሉ፤ ዕረፍት እወጣለሁ» አለችኝ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደወልኩ። አነሳች። ከኋላዋ የማሽኑ ድምፅ ሁሉን ሞልቶታል። «እትዬ አይሰማም!» አለች እየጮኸች። «ክር ተበጥሶብኛል፤ ቆይ!» ስልኩ ተዘጋ። ደብተሬ ላይ ቀኑን ጻፍኩ፤ ከአጠገቡ «ዘጠኝ ሰከንድ» አልኩ።